የአያቴ ሰዓት በኮሪያ፦ የዘጠኝ ቀን የጉዞ ማስታወሻ

አያቴ ነሐሴ 9 ቀን 2016 ዓ.ም. በዘጠና ሁለት ዓመታቸው ዐረፉ። በወጣትነታቸው የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበሩ፤ በ1945 ዓ.ም. ከሦስተኛው ቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምተው፣ የተኩስ አቁም ስምምነቱ እስከተፈረመበት እስከ ሐምሌ 20 ቀን ድረስ ግንባር ላይ ቆይተዋል። በደርግ ዘመን ሰሜን ኮሪያ የመንግሥት ወዳጅ ስትሆን ሜዳዮቻቸውን በቆርቆሮ ጣሳ አድርገው ጓሮ ቀብረው እንደነበር፣ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዓመት ስለ ዘመቻው ለልጆቻቸው እንኳ እንዳልተናገሩ እናቴ ትመሰክራለች።

የሰፈሩ ሰው ድንኳን ተክሎ፣ እድሩ ንፍሮ ቀቅሎ፣ ቄሱ ፍትሐት ደርሰው እንደ ወጉ አለቀስንላቸው። ከድንኳኑ ውጭ ግን ሌላ ለቅሶ ነበረ። አያቴ በመጨረሻዎቹ አምስት ዓመታት በየቅዳሜው ቹንቾን በምትባል የኮሪያ ከተማ ከሚኖሩ ጥቂት ሰዎች ጋር በቪዲዮ ይነጋገሩ ነበር፤ ስልኩን የምይዘውም የማስተረጉመውም እኔ ነበርኩ። እነዚያ ሰዎች አያቴን በአካል አይተዋቸው አያውቁም፤ ነገር ግን በቋንቋቸው «ሃራቦጂ»፣ ማለትም «አያት» እያሉ ነበር የሚጠሯቸው። መርዶውን ስነግራቸው አንዲት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ስልኩን ሳይዘጉ ለረጅም ጊዜ አለቀሱ። እኔም በዚያው ጊዜ ቁርጥ አሳቤን አደረግሁ፤ ሄጄ በአካል ለቅሷቸውን እቀበላለሁ።

ሌላም አደራ ነበረብኝ። አያቴ ማታ ማታ ከጸሎታቸው በኋላ የሦስት ጓደኞቻቸውን ስም ሳይጠሩ አይተኙም ነበር። ሦስቱም በግንቦት 1945 ዓ.ም. በሌሊት ቅኝት ላይ የወደቁ ናቸው። «ስማቸው ባሕር ማዶ በድንጋይ ላይ ተጽፏል ይባላል፤ አንተ እግር አለህ፣ ሂድና በትክክል መጻፉን አይተህ ንገረኝ» ብለውኝ ነበር። ቪዛው እስኪመጣ አልጠበቁኝም።

እሑድ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2017 ዓ.ም. — ኢንቾን

ሰማንያቸው በዋለበት ቅዳሜ ሌሊት ከቦሌ ተሳፈርኩ። አያቴ በባቡር ጅቡቲ ወርደው፣ ከዚያ ሦስት ሳምንት ገደማ በመርከብ ተጉዘው የደረሱበትን አገር እኔ እግሬን አጥፌ ተቀምጬ በአንድ ሌሊትና በአንድ ቀን ደረስኩበት።

በእጄ ላይ ያሰርኳት በእጅ የምትጠመዘዘውን የአያቴን ሰዓት ነበር፤ ከግንባር ለዕረፍት ጃፓን በተላኩ ጊዜ የገዟት ናት። አያቴ በሸመገሉ ጊዜ «የእኛና የኮሪያ ሰዓት አንድ ነው፤ ስሄድም ስመለስም አልነካኋትም» ይሉ ነበር፤ እኛም አገሩ በጣም ሩቅ መሆኑን ስለምናውቅ እርጅና ነው ብለን ዝም እንላቸው ነበር። ኢንቾን አውሮፕላን ማረፊያ ለፓስፖርት ቁጥጥር ተሰልፌ ስልኬን ስከፍት፣ ስልኩ ራሱን በአገሩ አቆጣጠር አስተካክሎ ከሰዓት በኋላ 5:10 ይላል። የአያቴ ሰዓት፣ ከቦሌ ስነሣ ከነበረው አቆጣጠሯ ሳልነካት፣ 5:10 ትላለች።

ሰልፉ መካከል ቆሜ ነገሩን ቀስ ብዬ አሰላሁት። ኮሪያ አዲስ አበባን በስድስት ሰዓት ትቀድማለች፤ እኛ ደግሞ ቀኑን ከንጋት ጀምረን ስለምንቆጥር ሰዓታችን ከሌላው ዓለም አጠራር በስድስት ይለያል። ሁለቱ ስድስቶች ሲገናኙ ይጠፋፋሉ። በአዲስ አበባ ረፋዱ አምስት ሰዓት ከአሥር ሲሆን፣ ኮሪያዊው ከሰዓት በኋላ አምስት ሰዓት ከአሥር ይላል። አያቴ ልክ ነበሩ፤ እኛ ግን ሳናምናቸው ኖረናል። መኮንኑ ፓስፖርቴን ተቀብሎ ፊቴን ሲያይ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር።

ወደ ሴኡል የሚወስደው ባቡር ከአምስት ሺህ ዎን ያነሰ፣ በእኛ ወደ 400 ብር ነበር። ያረፍኩበት የእንግዳ ቤት ክፍል ጠባብ ናት፤ ወለሏ ግን ከሥር ይሞቃል፤ አልጋም የለም፣ ፍራሽ መሬት ላይ ይነጠፋል። ሻንጣዬን ስከፍት ለስጦታ የያዝኩት በርበሬ ከረጢቱ ተቀዶ በነጠላዬና በሸሚዞቼ ላይ ተበትኗል። ነጠላዋን በረንዳ ላይ ሳራግፍ የቤቱ ባለቤት እያስነጠሱ ወጡ፤ ጣታቸውን ነክረው ቀመሱና አውራ ጣታቸውን አነሡልኝ። በማግስቱ የተረፈውን በትንሽ ብልቃጥ ሰጠኋቸው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26 ቀን — ዮንግሳን፣ ሴኡል

ሰኞን ያጣሁት በራሴ ስህተት ነው። ማልጄ ዮንግሳን ወደሚገኘው የኮሪያ የጦርነት መታሰቢያ ሙዚየም ሄድኩ፤ ሰኞ ሰኞ ዝግ መሆኑን አስቀድሜ አላጣራሁም ነበር። ከግቢው ፊት ለፊት የመንገዱ ዳር ዛፎች ቅጠላቸው እንደ አደይ አበባ ቢጫ ሆኖ፣ ከሥራቸው የረገፈው ፍሬ ደግሞ እንደ ከረመ ቅቤ ይሸታል። እሱን እያየሁ ተመለስኩ።

ማክሰኞ ስመለስ መግቢያው በነጻ ነው። ከዋናው ሕንፃ ግራና ቀኝ በተዘረጋው ረጅም መተላለፊያ ላይ የሟቾች ስም በጥቁር ድንጋይ ተቀርጾ በየአገሩ ተደርድሯል። የእኛን ሰንደቅ ዓላማ አይቼ ጫማዬን ላወልቅ ጎንበስ እንዳልኩ ትዝ ይለኛል፤ ቤተ ክርስቲያን የገባሁ ያህል ተሰምቶኝ ነበር።

ከኢትዮጵያ በየተራው 6,037 ወታደር ኮሪያ ገብቷል። የሞቱት 121 ናቸው የሚል መዝገብ አለ፣ 122 የሚልም አለ፤ አያቴ ይህ የአንድ ሰው ልዩነት ያንገበግባቸው ነበር። «አንዱ ሰው ማነው? የአንዱ እናት ልጇን ሳትቆጥር ቀረች?» ይሉ ነበር። ከእኛ ወገን አንድም ሰው እንዳልተማረከ፣ የወደቀውንም ጓደኞቹ ተሸክመው እንጂ ጥለውት እንዳልተመለሱ በኩራት የሚነገረው ነገር ለእሳቸው ወሬ አልነበረም፤ ከሦስቱ አንዱን የተሸከሙት እሳቸው ናቸው።

ስሞቹ በላቲን ፊደል ነው የተጻፉት። ሁለቱን ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ አገኘኋቸው፤ ጣቴንም በፊደሎቹ ላይ አስኬድኩ። ሦስተኛው ስም ግን በ«ጸ» የሚጀምር ነው። በ«ኤስ» ሥር ፈለግሁ፣ የአባቱን ስም አስቀድሜም ሞከርኩ፤ የለም። ጠባቂው ሊዘጋ ነው ብሎ በምልክት እስኪነግረኝ ድረስ እዚያው ቆምኩ። ወደ ማረፊያዬ ስመለስ ስለ እናትየዋ፣ ልጇን ሳትቆጥር ቀረች ስለተባለችው፣ አስብ ነበር።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 27 ቀን — ቹንቾን

ከዮንግሳን ቹንቾን በፈጣኑ ባቡር ከአንድ ሰዓት ጥቂት ይበልጣል፤ ዋጋውም ከአሥር ሺህ ዎን በታች ነበር። መንገዱ ወንዝና ኮረብታ እየተፈራረቀበት የሚሄድ ሲሆን፣ ዋሻው ብዙ ነው። አስተማሪዋ ጣቢያው በር ላይ የአያቴን ፎቶግራፍ በደረታቸው ይዘው ይጠብቁኝ ነበር። ምን እንደምል አስቀድሜ በቋንቋቸው አጥንቼ ነበር፤ ሳያቸው ጠፋኝ። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ልስም ስል እሳቸውም ጎንበስ አሉና ጭንቅላታችን ሊጋጭ ነበር።

በቀጥታ የወሰዱኝ ጎንግጂቾን በሚባለው ወንዝ ዳር ወዳለው የኢትዮጵያ ዘማቾች መታሰቢያ አዳራሽ ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. የተከፈተ ሲሆን፣ ጣሪያው የአገራችንን ክብ ጎጆ አስመስሎ የተሠራ ነው። ከፊት ለፊቱ ያለው ሐውልት ግን የቆየ ነው፤ ግንቦት 1960 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኮሪያን በጎበኙ ጊዜ በተገኙበት የተመረቀ ነው። በዚያው ዓመተ ምሕረት አካባቢ የተከፈተ «ኢትዮጵያ ቤት» የሚባል ቡና ቤትም ወንዙ ዳር እስካሁን አለ። አንድ ስኒ ቡና 5,000 ዎን፣ ወደ 440 ብር ከፈልኩ። ቡናው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ለብቻ የሚጠጣ ነው፤ ሁለተኛና በረካ የለውም። አስተማሪዋ ይህን ስነግራቸው «ሃራቦጂም በየቅዳሜው ይኸንኑ ይነግሩን ነበር» አሉ።

ምሳ ላይ ተቸገርን። ቹንቾን የታወቀችው ዳክጋልቢ በሚባለው፣ ዶሮውን በቃሪያ ድልህ ለውሰው በትልቅ ብረት ምጣድ ላይ በሚያበስሉት ምግብ ነው፤ መንገዱ በሙሉ የእሱ ሽታ ነው። ቀኑ ግን ረቡዕ ነው። ጾም መሆኑን ለማስረዳት ስሞክር ሴትዮዋ ፈገግ ብለው፣ አያቴ ረቡዕና ዓርብ ሥጋ እንደማይበሉ ድሮ ነግረዋቸው እንደነበርና ዶሮውን ለሐሙስ እንዳዘጋጁት ገለጹልኝ። እንቁላሉ የወጣለት፣ በአትክልትና በቅመም የተለወሰ ቀዝቃዛ የጥቁር ስንዴ ኑድል በላሁ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 28 ቀን — ለቅሶ በቹንቾን

ስለዚህ ቀን በጥቂቱ መጻፍ አልችልም።

አስተማሪዋ ቤት አሥራ አንድ ሰው ተሰብስቦ ነበር፦ ሁለት ጡረተኛ መምህራን፣ አንድ የሱቅ ባለቤት ከነባለቤቱ፣ አንዲት ነርስ፣ የቀሩት አያቴን የሚያውቁት ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳሉ የሆኑ ወጣቶች። ጠረጴዛ ላይ ጥቁር ሪባን የታሰረበት የአያቴ ፎቶግራፍ ተቀምጧል፤ ከፊቱ ሻማ፣ ፍራፍሬና አንድ ስኒ ቡና። እያንዳንዱ ሰው ተራውን ጠብቆ መሬት ድረስ ሁለት ጊዜ ሰገደላቸው፤ ከዚያም ወደ እኔ ዞሮ አንድ ጊዜ ሰገደ። እኔ ምን እንደማደርግ ስላላወቅሁ እንደ አገሬ ሰው ቆሜ «እግዚአብሔር ያጽናን» አልኩ።

በእነሱ ወግ ለቅሶ ደራሽ የሚበላው በሥጋ፣ በአትክልትና በቃሪያ የተሠራ ቀይ የሚያቃጥል ሾርባ ነው። ለሐዘንተኛውም በነጭ ፖስታ ገንዘብ ይሰጣል። ፖስታዎቹ ሲሰጡኝ ደነገጥኩ፤ አልቀበልም አልኩ። የሱቁ ባለቤት በትርጉም «በእናንተ አገር የሐዘንተኛውን ሸክም የሚሸከመው ማነው?» ብለው ጠየቁኝ። እድርን አስረዳኋቸው፦ ወርኃዊ መዋጮውን፣ ድንኳኑን፣ ወንበሩንና ድስቱን፣ ሰው ሲሞት ሰፈሩን የሚጠራውን ጥሩምባ ነፊ፣ ለቅሶ ያልወጣ ሰው የሚቀጣውን ቅጣት። በጥሞና ካዳመጡ በኋላ «እንግዲያው እኛ የሃራቦጂ እድር ነን» አሉ። ፖስታዎቹን ተቀበልኩ። የያዝኩትን ቡናም ቆልቼ፣ በአስተማሪዋ የወጥ ቤት ሙቀጫ ወቅጬ፣ ጀበና ስላልነበረ በሻይ ማፍያ አፍልቼ ሦስቱንም ስኒ አስጠጣኋቸው፤ ወለሉ ላይ ሳር በማጣታችን ከግቢው የረገፈውን ቢጫ ቅጠል ጎዝጉዘን ነበር።

ያን ዕለት የሰማሁት ነገር አያቴ በሕይወት ሳሉ እነዚህ ሰዎች ያልነገሩኝ ነው። ነርሷ በኮቪድ ጊዜ ሆስፒታል ውስጥ ሌሊት እየሠራች ተስፋ ቆርጣ ሳለ፣ አያቴ በቅዳሜው ጥሪ ላይ ፊቷን አይተው «ይህች ልጅ እንቅልፍ አጥታለች» ብለው፣ በምሽግ ውስጥ ተረኛ ሆነው እንቅልፍ ሲያሸንፋቸው ጓደኛቸው እንዴት እንደሚቀይራቸው አወሩላት። ያስተረጎምኩት እኔ ነኝ። ለእኔ ያን ጊዜ ሲደጋገም የሰለቸኝ የጦርነት ወሬ ነበር። እሷ ግን በየሌሊቱ ተረኛነቷ ላይ ታስበው እንደነበር ስትናገር ዓይኔን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

ስለ ሦስተኛው ስም ያጫወትኳቸው ዳክጋልቢው ከቀረበ በኋላ ነው። አስተማሪዋ ብዕር አንሥተው የራሳቸውን የአባት ስም በላቲን ፊደል በሦስት ዓይነት ጻፉልኝ፤ አንዱ «ሊ»፣ አንዱ «ዪ»፣ አንዱ «ሪ» ተብሎ ይነበባል፤ ሦስቱም አንድ የኮሪያ ስም ነው። «የእኛም ድምፅ በእነሱ ፊደል አይያዝም» አሉኝ። «ጸ» ያልኩትን ደግሜ እንድናገር ጠየቁኝና አዳምጠው፣ «በ‹ቲ› ሥር ፈልገሃል?» አሉ። አልፈለግሁም ነበር።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 30 ቀን — ዶንግዱቾንና ዮንቾን

አያቴ የተዋጉበት አካባቢ በዛሬዋ የድንበር መሥመር ላይ ነው። ፖርክ ቾፕ የተባለው ኮረብታ ራሱ የሚገኘው ከጦር ነጻ በተባለው ቀጠና ውስጥ ስለሆነ ማንም ሰው አይረግጠውም፤ ከሩቅ ለማየት ግን አስበን ነበር። ወደ ዮንቾን የከተማው ባቡር ቁጥር አንድ መሥመር ይደርሳል፤ ነገር ግን ሁሉም ባቡር እስከ መጨረሻው አይሄድም። ፊቱ ላይ የተጻፈውን ሳላይ ስለገባሁ ያንጁ ላይ ባዶ ባቡር ውስጥ ብቻዬን ቀረሁ፤ የሚቀጥለውን ስጠብቅ ብርዱ አጥንቴን ሰበረው።

በመንገዳችን ላይ ያለችው ዶንግዱቾን የቃኘው ወታደሮች ከደመወዛቸው አዋጥተው ወላጅ አልባ ሕፃናትን ያሳደጉባት ከተማ ናት። አያቴ ስለ ውጊያው ሲጠየቁ ቶሎ ይጨርሱ ነበር፤ ስለነዚያ ልጆች ግን፣ በቁር ባዶ እግራቸውን ስለነበሩት፣ ራሽናቸውን ስላካፈሏቸው፣ ሲመለሱ መርከቡ ድረስ ተከትሎ ስላለቀሰው አንድ ሕፃን፣ ለሰዓታት ያወሩ ነበር።

አስተማሪዋ በመኪና ዮንቾን ላይ ተቀበሉኝና ወደ ሰሜን ነዳን። እርሻው ታጭዷል፤ የሩዙ ገለባ ተጠቅልሎ በየማሳው ቆሟል። ፍተሻ ኬላው ላይ አንድ ወጣት ወታደር ፓስፖርቴን አይቶ፣ ዛሬ ሲቪል አያልፍም አለን። አስተማሪዋ ስለ አያቴ ሲነግሩት ሰማሁ፤ ልጁ ቀጥ ብሎ ቆሞ ሰላምታ ሰጠኝ፤ ግን አላሳለፈንም። ትእዛዙን ማክበሩ አላስከፋኝም፤ አያቴ በሃያ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ልጅ በዕድሜ አይበልጡም ነበር።

ኬላው አጠገብ ቆመን ወደ ሰሜን አየን። ጋራው እንደ ጎጃም በረሃ ራቁቱን ወይም እንደ እንጦጦ በባሕር ዛፍ የተሸፈነ አይደለም፤ ቅጠሉ ቀልቶ፣ ጭጋግ ለብሶ፣ አንዱ ጋራ ከሌላው አይለይም። የትኛው እንደሆነ ሳላውቅ ሁሉንም አየሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 2 ቀን — ቡሳን

እሑድ በፈጣኑ ባቡር 59,800 ዎን፣ ከ5,000 ብር በላይ ከፍዬ ሦስት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ቡሳን ደረስኩ። የከተማው ስመ ጥር ሾርባ የዓሣማ ሥጋ ስለሆነ በዓሣና በሩዝ አደርኩ። የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ሚያዝያ 28 ቀን 1943 ዓ.ም. ከመርከብ የወረደው በዚህ ወደብ ነው።

የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር ውስጥ ወደ 2,300 የሚጠጉ መቃብሮች አሉ፤ የኢትዮጵያ ግን አንድም የለም፤ የእኛ ሰዎች አስከሬን ወደ አገሩ ተመልሷል። ስማቸው ያለው የሟቾች ሁሉ ስም በተቀረጸበት በጥቁሩ የመታሰቢያ ግንብ ላይ ነው፤ 40,896 ስም። ሁለቱን ጓደኞች እንደ ሴኡሉ ቶሎ አገኘኋቸው። ከዚያም «ቲ»ን ያዝኩ። ከላይ ወደ ታች ስወርድ፣ አፌ ፊደሉን እየገጣጠመ ጮክ ብሎ ሲያነብ፣ ከአያቴ አፍ ለሠላሳ ዓመት ማታ ማታ የሰማሁት ስም ሆኖ ወጣ። ከነአባቱ ስም። እጄን ዘርግቼ ነካሁት፤ ድንጋዩ ቀዝቃዛ ነበር።

በየዓመቱ በዚህች ቀን፣ በአገሩ አቆጣጠር ረፋዱ በ11 ሰዓት፣ በቡሳን ከተማ ሙሉ ለአንድ ደቂቃ ሳይረን ይነፋል፤ በየአገሩ ያለ ሰውም ፊቱን ወደዚህ መቃብር አዙሮ ይቆማል። እኔ ከሥነ ሥርዓቱ ተጋባዦች ርቄ፣ ግንቡን ተደግፌ ቆሜ ነበር። ድምፁ ሲጀምር ሦስቱን ስሞች ጠራሁ፤ አራተኛ አድርጌም የአያቴን ጨመርኩ።

ሳይረኑ እንዳበቃ ስልኬ ጠራ። እናቴ ናት፤ ለኪዳን ልትወጣ ነጠላዋን ለብሳለች፣ ከኋላዋ ጨለማው ገና አልለቀቀም።

«አገኘሃቸው ልጄ?»

«ሦስቱንም።»

ትንሽ ዝም አለች። «እዚያ ስንት ሰዓት ነው?»

ሰዓቷን አየሁ። «አሥራ አንድ።»

«እዚህም አሥራ አንድ ነው» አለች።